የቼዝ ኢንጂንን ጥንካሬ ከራሳችሁ ሬቲንግ ጋር ማመጣጠን፦ ዝርዝር መመሪያ

የቼዝ ሬቲንጋችሁ (ጥንካሬያችሁን የሚያሳየው ቁጥር) 1500 አካባቢ ነው እንበል። ኢንጂኑንም፣ ማለትም እንቅስቃሴ የሚያሰላውን የቼዝ ፕሮግራም፣ 1500 ላይ አድርጋችሁ መጫወት ጀመራችሁ። ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፋችሁ። ትንሽ ዝቅ ስታደርጉት ደግሞ ንግስቱን በነጻ ይሰጣችሁ ጀመር። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እኔም ወራት ፈጅቶብኛል። መጨረሻ ላይ የሠራልኝን አካሄድ ከነቅደም ተከተሉ አስቀምጣለሁ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ያዙልኝ። ሬቲንግ እንደ ኪሎና እንደ ሜትር የትም ቦታ አንድ አይደለም። እርስ በርስ በተጫወቱ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው የሚናገረው። ኢንጂኑ ላይ ያለው 1500 የመጣው ከሌሎች ኢንጂኖች ጋር ተጫውቶ ነው። የእናንተ 1500 የመጣው ከሰዎች ጋር ተጫውታችሁ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተገናኝተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው እናንተ ከኢንጂኑ ጋር ተጫውታችሁ የምታስመዘግቡት ውጤት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አትመኑት፤ ለኩት።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የተረጋጋ የራሳችሁ ሬቲንግ
- ጥንካሬው የሚቀነስ ኢንጂንና እሱን የሚያጫውት ፕሮግራም። በስልክ ድሮይድፊሽ፣ በኮምፒውተር አሬና ወይም ኪውት ቼስ ይበቃል
- ደብተር ወይም የኮምፒውተር ሠንጠረዥ
- ሁለት ሦስት ሳምንት

የመጨረሻውን በቀላሉ አትለፉት። ይህ ሥራ በአንድ ምሽት አያልቅም። በአንድ ምሽት የተሠራ ልኬት የሚነግራችሁ በዚያ ምሽት ምን ያህል ደክሟችሁ እንደነበር ነው።

## ደረጃ 1፦ መለኪያ የሚሆናችሁን ሬቲንግ ምረጡ

እዚህ ሥራ ላይ መለኪያው እናንተ ናችሁ። መለኪያው ከተወላገደ ልኬቱም ይወላገዳል።

አንድ ሰው በሊቼስ ድረ ገጽ አንድ ቁጥር፣ በቼስ ዶት ኮም ሌላ ቁጥር፣ በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በፊዴ ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሊቼስ አዲስ ተጫዋችን ከ1500 ያስጀምራል፤ የሚያሰላውም ግሊኮ 2 በሚባል ቀመር ነው። ፊዴ ኢሎ የሚባለውን ስሌት ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ወዲህ የፊዴ ዝቅተኛ ሬቲንግ 1400 ሆኗል፤ በዚያው ጊዜ ከ2000 በታች ለነበሩ ተጫዋቾች ጭማሪ ተደርጓል። ከዚያ በፊት የነበራችሁን የፊዴ ቁጥር አሁን ለመለኪያ አትጠቀሙበት።

1. አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ። የሁለት ቦታ ሬቲንግ አማካይ አትውሰዱ።
2. አንድ የሰዓት ዓይነት ብቻ ምረጡ። የብሊትዝ (የጥቂት ደቂቃ ጨዋታ) ሬቲንጋችሁ ለራፒድ (ረዘም ላለ ጨዋታ) አይሆንም።
3. ከሬቲንጋችሁ ጎን የጥያቄ ምልክት ካለ ቁጥሩ ገና አልረጋም ማለት ነው። ምልክቱ እስኪጠፋ ተጫወቱ።
4. ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቁጥሩ ከ100 ነጥብ በላይ ከዋዠቀ ቆዩ። ሲረጋጋ ጀምሩ።
5. ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉ።

ሬቲንግ ከሌላችሁስ? አቋራጭ የለውም። መጀመሪያ ከሰዎች ጋር ከ40 እስከ 50 ጨዋታ በአንድ የሰዓት ዓይነት ተጫወቱ። «ደረጃህን በአሥር ጥያቄ እንነግርሃለን» የሚሉ ፈተናዎችን እዚህ ሥራ ውስጥ አታስገቡ።

## ደረጃ 2፦ ኢንጂኑን ምረጡ

ከ1300 በታች ከሆናችሁ። ስቶክፊሽ በጣም የታወቀ ኢንጂን ነው፤ አዲሶቹ እትሞቹ በኢሎ ቁጥር የሚወርዱት እስከ 1320 ብቻ ነው። «ስኪል ሌቭል» የሚለውን የጥንካሬ ደረጃ 0 ብታደርጉትም የምታገኙት ያንኑ ወለል ነው። ከዚያ በታች ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ቀጥሎ የምገልጸውን የማያን የመጀመሪያ ሞዴል ሞክሩ። እሱም ከከበደ፣ ከኢንጂኑ ወገን አንድ ፈረስ አንስታችሁ ጀምሩ። ፈረስ የጎደለው ኢንጂንም እንደ ማንኛውም ተጋጣሚ ይለካል። ብቻ ሁሌም ያንኑ ፈረስ አንሱ።

ከ1300 እስከ 1900 ከሆናችሁ። ምርጫዬ ማያ ነው። ማያ የተማረው ሰዎች ሊቼስ ላይ ከተጫወቷቸው ሚሊዮኖች ጨዋታዎች ነው። ከ1100 እስከ 1900 በየመቶው የተከፋፈሉ ዘጠኝ ሞዴሎች አሉት። የተሠራውም ምርጡን እንቅስቃሴ ለማግኘት አይደለም። በዚያ ሬቲንግ ላይ ያለ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ምን ይጫወታል የሚለውን ይገምታል።

ግን ተጠንቀቁ። ማያ 1100 የሚባለው ሞዴል እንደ 1100 ተጫዋች አይጫወትም። ከዚያ ይበረታል። ምክንያቱን ልብ በሉት። እያንዳንዱ 1100 ተጫዋች የራሱ የሆነ ድንገተኛ ስህተት አለው። አንዱ ፈረሱን ይረሳል፣ ሌላው ማቱን አያይም። ማያ የሚጫወተው ግን አብዛኞቹ የሚመርጡትን ነው። የአንዱ ሰው ጥፋት በብዙኃኑ ምርጫ ይዋጣል። የሞዴሉ ስም የጥንካሬው መለኪያ ከመሰላችሁ ገና ከጅምሩ ተሳስታችኋል።

ከ1900 በላይ ከሆናችሁ። ስቶክፊሽን ያዙ፤ የኢሎ ቁጥሩ እስከ 3190 ይሄዳል።

በስልክ መተግበሪያ ላይ «ደረጃ 1፣ ደረጃ 2» እየተባለ የሚመጣውን መጠቀም ይቻላል? ይቻላል። ደረጃ 5 ስንት ሬቲንግ እንደሆነ እስካልለካችሁት ድረስ ግን ባዶ ስም ነው።

## ደረጃ 3፦ ሴቲንጉን በትክክል አስገቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

### ለስቶክፊሽ

1. የኢንጂኑን ሴቲንግ ክፈቱ።
2. «ዩሲአይ ሊሚት ስትሬንግዝ» የሚለውን ሳጥን ፈልጉና ምልክት አድርጉበት።
3. ከዚያ በኋላ «ዩሲአይ ኢሎ» የሚለው ላይ ቁጥሩን ጻፉ። ለመጀመሪያው ቀን የራሳችሁን ሬቲንግ አስገቡ።
4. «ስኪል ሌቭል» የሚለውን 20 ላይ ተዉት።
5. «ፖንደር» የሚለውን አጥፉ። እሱ እናንተ ስታስቡ ኢንጂኑም አብሮ እንዲያስብ የሚያደርግ ነው።
6. አስቀምጡ፣ ፕሮግራሙን ዝጉ፣ እንደገና ክፈቱና ሴቲንጉ እንዳለ መሆኑን አረጋግጡ።

ሁለተኛው ተራ ቁጥር የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ስቶክፊሽ ሲጫን ይህ ሳጥን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሳጥኑን ሳትነኩ የኢሎውን ቁጥር 1400 ብታደርጉት ቁጥሩ ስክሪን ላይ ይታያል፣ ኢንጂኑ ግን አይሰማውም። በዓለም ላይ ማንም ሰው ሊያሸንፈው የማይችለውን ሙሉ ኢንጂን ነው የምትገጥሙት። «1400 ላይ አድርጌው ድባቅ መታኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚህች ሳጥን ነው።

አራተኛውም ምክንያት አለው። የኢሎ ገደቡና ስኪል ሌቭሉ አብረው ከተቀመጡ የሚሠራው የኢሎው ነው። ሁለቱንም እየነካካችሁ ከሄዳችሁ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ ይጠፋባችኋል።

### ለማያ

1. ማያ ለብቻው ኢንጂን አይደለም። ሊላ የሚባለውን ኢንጂን ጫኑ፤ የማያን የሞዴል ፋይል ለሊላ ስጡት።
2. ፍለጋውን በ«ኖድስ» (ኢንጂኑ በሚመረምራቸው ቦታዎች ብዛት) ገድቡና 1 አድርጉት።
3. የሰዓት ወይም የጥልቀት (ስንት እንቅስቃሴ ወደፊት እንደሚያሰላ) ገደብ አትጨምሩበት።

ኖዱን 1 ማድረግ ከረሳችሁ ኢንጂኑ ወደፊት እያሰላ ይጫወታል። ያኔ ይበረታል፤ ሰው መምሰሉም ይቀንሳል። ከሰው የተማረው ያለ ፍለጋ የሚመጣለትን የመጀመሪያ ምርጫ ነውና።

### ሴቲንጉ መሥራቱን ፈትኑ

እናንተ ራሳችሁ ተጫውታችሁ አትፈትኑት። ኢንጂንን ከኢንጂን አጋጥሙት። አንዱን ስቶክፊሽ 1320 ላይ፣ ሌላውን 2500 ላይ አድርጉና አራት ፈጣን ጨዋታ አጫውቷቸው። 2500 የተባለው አራቱንም ማሸነፍ አለበት። ውጤቱ ተቀራራቢ ከሆነ ወይም አቻ ከበዛ ሴቲንጉ አልተቀበለም። ወደ ተራ ቁጥር 2 ተመለሱ። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ፈተና ነው፤ ሦስት ሳምንት ከመልፋት ያድናል።

## ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ወስኑ

የስቶክፊሽ የኢሎ ቁጥር የተለካው ለአንድ ተጫዋች 2 ደቂቃ፣ በየእንቅስቃሴው 1 ሰከንድ እየተጨመረ በሚሄድ ሰዓት ነው። የተለካውም ከኢንጂኖች ሠንጠረዥ ጋር ነው። እናንተ ደግሞ ምናልባት በ15 ደቂቃ ትጫወታላችሁ።

ልዩነቱ የት ላይ ይመጣል? የተዳከመው ስቶክፊሽ እንቅስቃሴውን የሚመርጠው ገና ጥልቀቱ ትንሽ እያለ ነው። ተጨማሪ ሰዓት ብትሰጡት ብዙም አይጠቅመውም። እናንተን ግን ይጠቅማችኋል። በ15 ደቂቃ በ2 ደቂቃ የማታዩትን ታያላችሁ። ስለዚህ ሰዓት በረዘመ ቁጥር ሚዛኑ ወደ እናንተ ያጋድላል፣ ያው ኢሎ ቁጥር እየቀለላችሁ ይመጣል። አንድ ጊዜ ለብሊትዝ ያመጣጠናችሁትን ኢንጂን ለራፒድ አትጠቀሙበት። እንደገና ለኩ።

1. በደረጃ 1 የመረጣችሁትን የሰዓት ዓይነት ተጠቀሙ። ሬቲንጋችሁ የራፒድ ከሆነ ጨዋታውም ራፒድ ይሁን።
2. ለሁለታችሁም እኩል ሰዓት ስጡ።
3. ያለ ሰዓት አትጫወቱ።

የፍጥነት ወጥመድ። ኢንጂኑ በአንድ ሰከንድ ይመልሳል። እሱ ሲቸኩል እኛም እንቸኩላለን። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎቼን መለስ ብዬ ሳይ በ15 ደቂቃ ጨዋታ ላይ አሥር ደቂቃ ሳልነካው የተሸነፍኩባቸው ነበሩ። ከሰው ጋር እንዲህ አልጫወትም። ፕሮግራሙ ኢንጂኑን ቆይቶ እንዲመልስ የሚያደርግ ምርጫ ካለው አብሩት። ከሌለው እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ፤ ተጋጣሚው ምን እንደሚያስፈራራ ሳትለዩ መልሳችሁ አትንኩት።

## ደረጃ 5፦ በግምት ተጠጉ

አሁን መለካት አትጀምሩ። መጀመሪያ ወደ ትክክለኛው አካባቢ ተጠጉ።

1. ኢንጂኑን በራሳችሁ ሬቲንግ ላይ አድርጉና አራት ጨዋታ ተጫወቱ። ሁለቱን በነጭ፣ ሁለቱን በጥቁር።
2. ከአራቱ 3½ ወይም 4 ነጥብ ካገኛችሁ 200 ጨምሩ። ½ ወይም 0 ካገኛችሁ 200 ቀንሱ።
3. በ3 ነጥብ 100 ጨምሩ፤ በ1 ነጥብ 100 ቀንሱ።
4. ከ1½ እስከ 2½ ባለው ውስጥ ስትገቡ ቁሙ።

በማያ ከሆነ በየመቶው አንድ ሞዴል ከፍና ዝቅ በሉ።

የእነዚህን ጨዋታዎች ውጤት ለስሌት አትጠቀሙበት። ቁጥሩን የመረጣችሁት እነሱን አይታችሁ ነው። መልሳችሁ ብታስገቧቸው በእድል የመጣ ውጤት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ሌላ ገጽ ላይ ጻፏቸውና ተዉአቸው።

## ደረጃ 6፦ 24 ጨዋታ ተጫወቱ

ቁጥሩ አሁን ተቆልፏል። እስከ 24ኛው ጨዋታ አይነካም።

- 12 በነጭ፣ 12 በጥቁር፣ እየተፈራረቃችሁ።
- በአንድ ቀን ከሦስት ጨዋታ በላይ አይሁን።
- እንቅስቃሴ መመለስ የለም። አንድ ጊዜ እንኳ ከመለሳችሁ ያንን ጨዋታ እንደ ሽንፈት ጻፉት።
- ማን እንደሚበልጥ በቁጥር የሚያሳየውን የግምገማ መስመርና ኢንጂኑ የሚያስበውን የሚያሳየውን ሳጥን ደብቁ። ቁጥሩ ድንገት ወደ እናንተ ሲዘል «አንድ ነገር ተገኝቷል» ብሎ ይጠቁማችኋል። ሰው እንዲህ አይነግራችሁም።
- ከሰው ጋር ብትሆኑ እጅ በማትሰጡበት ቦታ እዚህም እጅ አትስጡ። የተዳከመ ኢንጂን እያሸነፈም ይሳሳታል።
- ፕሮግራማችሁ ላይ ኢንጂኑ አቻ መቀበል ካልቻለ፣ ግልጽ አቻ የሆነውን ተመሳሳይ ቦታ ሦስት ጊዜ በመድገም ጨርሱት።

ማያ ላይ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ። በአንድ ኖድ ሲጫወት ለአንድ ቦታ ሁሌም አንድ መልስ ነው የሚሰጠው። ዛሬ ያሸነፋችሁበትን ጨዋታ ነገ እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ መድገም ትችላላችሁ። ሳታውቁትም ልትደግሙት ትችላላችሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ የስድስት መክፈቻዎች ዝርዝር ጻፉና በተራ ተጠቀሙባቸው። አንድ ጨዋታ እስከ 12ኛው እንቅስቃሴ ከቀድሞው ጋር አንድ ከሆነ ሰርዙት፣ ሌላ ተጫወቱ።

መዝገቡ ረጅም መሆን የለበትም። የእኔ እንዲህ ነው የሚመስለው፦

> 7 — ጥቁር — ተሸነፍኩ — 31ኛው ላይ ፈረስ ጣልኩ
> 8 — ነጭ — አሸነፍኩ — ስጦታ፣ 19ኛው ላይ ንግስቱን ያለምንም ጫና ሰጠኝ
> 9 — ጥቁር — አቻ — የወታደር መጨረሻ
> 10 — ነጭ — አሸነፍኩ — ጥቃቱ ሠራ

«ስጦታ» የሚለውን ቃል ለምን እንደምጽፈው ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ። ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምራችሁ ጻፉት። በኋላ ለማስታወስ መሞከር አይሠራም።

## ደረጃ 7፦ አስሉ

ድል 1፣ አቻ ½፣ ሽንፈት 0 ነው። ደምሩና በጨዋታው ብዛት አካፍሉ። ያገኛችሁትን መቶኛ ከዚህ ጋር አስተያዩ፦

- 50 በመቶ — ልዩነት የለም
- 55 በመቶ — 36 ነጥብ
- 60 በመቶ — 72 ነጥብ
- 65 በመቶ — 110 ነጥብ
- 70 በመቶ — 149 ነጥብ
- 75 በመቶ — 193 ነጥብ
- 80 በመቶ — 240 ነጥብ

ይህ የፊዴ ሠንጠረዥ ነው። ከ50 በመቶ በታች ከሆናችሁ በግልባጩ አንብቡት፤ 40 በመቶ ማለት ኢንጂኑ በ72 ነጥብ ይበልጣችኋል ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። የራፒድ ሬቲንጋችሁ 1560 ነው። ከ24ቱ 12 አሸነፋችሁ፣ 5 አቻ ወጣችሁ፣ 7 ተሸነፋችሁ። 12 ሲደመር 2½፣ 14½ ነጥብ። ለ24 ሲካፈል 60 በመቶ። ስለዚህ ኢንጂኑ ከእናንተ በ72 ያንሳል፦ 1560 ሲቀነስ 72፣ 1488። ሴቲንጉ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር 1400 ይሁን 1700 ለውጥ የለውም። በእናንተ ሚዛን ይህ ኢንጂን 1488 ነው።

አሁን ይህን 1488 በጥርጣሬ ያዙት። በ24 ጨዋታ የእድል ድርሻ ትልቅ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ወደ ላይም ወደ ታችም 120 ነጥብ ገደማ ሊስት ይችላል። እውነተኛው ቁጥር ከ1370 እስከ 1610 የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በ10 ጨዋታ ብቻ ቢሆን ስህተቱ ወደ 200 ይጠጋ ነበር። በሦስትና በአራት ጨዋታ «ይሄ ኢንጂን 1600 ነው» የሚሉ ሰዎች የሚጋጩት ለዚህ ነው። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ የጨዋታውን ብዛት አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ 24 ሳይሆን 96። እኔ 96 ተጫውቻለሁ፤ ለልምምድ ጓደኛ ግን 24 ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ለቡድን ወይም ለክለብ ተማሪዎች የሚያገለግል መለኪያ ከሆነ ወደ መቶው ተጠጉ።

ውጤታችሁ ከ80 በመቶ በላይ ወይም ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አታስሉ። እዚያ ጫፍ ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ ቁጥሩን በብዙ ነጥብ ያንቀሳቅሰዋል። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

### ቁጥሩን ማስተካከል

ከእናንተ እኩል የሆነ ኢንጂን ከፈለጋችሁ ልዩነቱን ሴቲንጉ ላይ ጨምሩ። በምሳሌው 72 ያንሳል፤ ስለዚህ ሴቲንጉን በ70 ከፍ አድርጉ። ግን ሴቲንጉ ላይ 70 መጨመር በእናንተ ሚዛን በትክክል 70 ላይሆን ይችላል። 10 ጨዋታ ተጫውታችሁ አረጋግጡ።

ለልምምድ እኩል ባይሆን እመርጣለሁ። 40 በመቶ ነጥብ የምታገኙበት፣ ማለትም በ70 ነጥብ ገደማ የሚበልጣችሁ ኢንጂን ነው ጥሩ አስተማሪ። ታሸንፉታላችሁ፤ ግን ሳትለፉ አይደለም።

## ደረጃ 8፦ ስህተቱ የማን ይመስላል?

ውጤቱ 50 በመቶ ሆኖ ኢንጂኑ አሁንም የማይረባ የልምምድ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ መመሪያዎች ይህን ይዘሉታል።

የተዳከመ ስቶክፊሽ እንዴት እንደሚሳሳት አስቡ። ቢያንስ አራት አማራጭ እንቅስቃሴዎችን ያያል። ከዚያ አንዳንዴ በዕጣ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። ዕጣው ካልወጣ እንደ ታላቅ ተጫዋች ይጫወታል። ዕጣው ከወጣ ንግስቱን ይሰጣል። ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ሲያጥረው፣ ሁለት ነገር በአንዴ ሲያስፈራራው፣ ፈረሱ ወደ ኋላ መሄድ እንደሚችል ሲዘነጋው ነው። ማለትም ጫና ሲበዛበት። ዕጣ የሚያወጣ ተጋጣሚ ጫና መፍጠርን አያስተምራችሁም። ቁጭ ብሎ ስጦታ መጠበቅን ያስተምራችኋል።

1. ከመዝገባችሁ ያሸነፋችኋቸውን ጨዋታዎች ለዩ።
2. ከእነሱ ውስጥ «ስጦታ» የሚል የተጻፈባቸውን ቁጠሩ።
3. ከሦስት አንድ በላይ ከሆኑ ኢንጂኑን ቀይሩ። ከስቶክፊሽ ወደ ማያ ሂዱና ከደረጃ 5 ጀምሩ።

ከ1900 በላይ ለሆናችሁና ማያ ለማይበቃችሁ፣ የስቶክፊሽን ጨዋታ ስጦታው እስከመጣበት ድረስ ብቻ ለጥናት ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አያስተምርም።

## ነገሩ ሲበላሽ

በመሀል ሬቲንጋችሁ ቢቀየርስ? እስከ 50 ነጥብ ከሆነ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አማካይ ውሰዱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ልኬቱን ከአዲስ ጀምሩ። እያደጋችሁ ስለሆነ ቢከፋችሁም አይቆጫችሁ።

በነጭ ሁሌ ታሸንፋላችሁ፣ በጥቁር ሁሌ ትሸነፋላችሁ። የኢንጂኑ ችግር አይደለም። በጥቁር የምትጫወቱት መክፈቻ ላይ ቀዳዳ አለ። ልኬቱን አትቀይሩ፣ ጨርሱት።

የመጀመሪያዎቹ 12 ጨዋታዎች 30 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ 12 ደግሞ 70 በመቶ ሆኑ። ኢንጂኑን ለምዳችሁታል። የምትለኩት ጥንካሬውን ሳይሆን ድክመቱን ማወቃችሁን ሆኗል። መክፈቻዎቹን ቀይሩና የመጨረሻዎቹን 12 ብቻ እንደገና ተጫወቱ።

በስልክና በኮምፒውተር የተለያየ ጥንካሬ ይታያችኋል። ፕሮግራሙ ኢንጂኑን ያዳከመው በሰዓት ብቻ ከሆነ ፈጣን ማሽን ላይ ይበረታል። ኢሎ፣ ኖድስ ወይም ጥልቀት በሚል ወደሚገድብ ሴቲንግ ቀይሩ፤ ካልሆነ ግን ሁሌም በአንድ ማሽን ተጫወቱ።

ፕሮግራሙን ካደሳችሁ በኋላ ኢንጂኑ ተቀየረባችሁ። አልተሳሳታችሁም። በቆዩት የስቶክፊሽ እትሞች የኢሎው መስመር ከ1350 እስከ 2850 ነበር፤ በአዲሶቹ ከ1320 እስከ 3190 ነው። ሚዛኑ ራሱ ተቀይሯል። በድሮው 1700 እና በአሁኑ 1700 መካከል ምንም ውል የለም። የእትሙን ቁጥር፣ የሰዓቱን ዓይነትና ሴቲንጉን በመዝገባችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ልኬቱ ካለቀ በኋላም እድሳቱን በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። ማደስ ካለባችሁ የድሮውን ፋይል በሌላ ፎልደር አስቀምጡት።

ከሦስት ወር በኋላስ? 10 ጨዋታ ብቻ ተጫወቱ። ውጤታችሁ ከ3 እስከ 7 ነጥብ ባለው ውስጥ ከሆነ ሴቲንጉን አትንኩት። ከዚያ ከወጣ ከደረጃ 5 ጀምሩ፤ የድሮውን ገጽ ግን አትቅደዱት፣ ከአዲሱ ጎን አያይዙት።